ለዳኛው አርባ አራት ቁጥር

የስኬቲንግ ጫማ ሊገዛ የመጣ ጀማሪ ገና ከበሩ ያስታውቃል። ዓይኑ ጎማው ላይ ነው። ስንት ጎማ አለው፣ ምን ዓይነት ቀለም ነው፣ ሲሄድ ይበራል ወይ። ጫማው ውስጥ የሚገባው እግር መሆኑን ረስቶት ነው የሚመጣው። ባለፈው ወር አንዷ ከቦርሳዋ ጋር የሚሄድ ቀለም አጥታ አኩርፋ ወጣች። አንዱ ጎረምሳ ደግሞ የሯጮቹን ካልሰጠሽኝ ብሎ ድርቅ አለ፤ ያንን ቁርጭምጭሚት የማይሸፍነውን፣ ጎማው የድስት ክዳን የሚያክለውን። "አንተ መሄድ መች ቻልክና ነው የምትሮጠው?" አልኩት። ሃያ ሁለት ዓመት ሰው እግር ስር ተንበርክኬ የተማርኩት ነገር ቢኖር፣ ሰው የገዛ እግሩን እንደማያውቅ ነው።

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ "ተመችቶኛል" የሚሏት ነገር ናት። ወንበር ላይ ተቀምጠው፣ እግራቸውን አንጠልጥለው፣ "ወይኔ ሲመች!" ኤዲያ! ተቀምጠው ከሆነማ ባልዲም ይመቻል። የዚህ ጫማ ምቾት የሚታወቀው ቆመው ነው። ቀጥ ብለው ሲቆሙ አውራ ጣት ፊቱን ነካ ማድረግ አለበት፤ ጉልበት ሰበር ሲያደርጉ ጣቱ ወደ ኋላ ይመለሳል፤ ተረከዝ ግን ንቅንቅ አይልም። ተረከዝ ከተነሳ ጫማው ሰፊ ነው፣ ሰፊ ጫማ ደግሞ ጀማሪን ይጥላል። ስለዚህ የመጣውን ሁሉ "ቁም! ቁሚ! ይቁሙ!" እላለሁ። ሰፈሩ "እትዬ ቁሙ" ብሎ ስም አውጥቶልኛል። ያሻቸውን ይበሉኝ፤ እኔ ሳላስቆም ሸጬ አላውቅም። ማለቴ፣ እስከዚያ ሐሙስ ድረስ።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ዳኛው ገባ።

እኔ ወዲያው አወቅኩት፤ እሱ አላወቀኝም። እንዴት ብሎ ያውቀኛል? ከአምስት ዓመት በፊት፣ ማዕዘኑ ላይ የነበረውን ጫማ ቤቴን የሕንፃው ባለቤት ልቀቂ ብሎ ሲከሰኝ፣ የቆምኩት እዚሁ ሰውዬ ፊት ነው። ከጠዋት ጀምሮ ኮሪደር ላይ ቆሜ ዋልኩ፣ ከዚያ ደግሞ ችሎቱ ውስጥ ቆምኩ። እሱ ተቀምጦ ወረቀት ይገልጣል። "ጌታዬ፣ ደንበኞቼ የሚያውቁኝ በዚያ ቦታ ነው" ስለው ቀና ብሎ እንኳ አላየኝም። "በአጭሩ" አለ። በአራት ደቂቃ ውስጥ ሱቅ አልባ ሆኜ ወጣሁ።

አሁን ደግሞ እንደገና በከፈትኩት ሱቅ ደረቱን ነፍቶ የኔ ወንበር ላይ ተቀመጠና እግሩን ዘረጋ። ጫማውን እንዳወልቅለት እኮ ነው የሚጠብቀው! አወለቅኩለት። ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ይላሉ፤ እኔም ቂሜን ይዤ ተንበረከክኩ።

"አርባ አራት ቁጥር አምጪልኝ" አለ።

እግሩን መለኪያው ላይ አስቀመጥኩት። አርባ ሁለት ነው፣ ያውም ቀጭን እግር። መለኪያውን ወደ ቦታው መለስኩ።

"ካልሲዬ ወፍራም ነው" አለና የበረዶ ተራራ ለሚወጣ ሰው የሚሆን የሱፍ ካልሲ ከቦርሳው መዘዘ። "ጠባብ ነገር አልወድም፤ ሰፋ ይበል። አንብቤ ነው የመጣሁት።"

አንብቦ! ምን እንዳነበበ እግዜር ይወቀው። ሌላ ሰው ቢሆን ኖሮ "ይሄን ካልሲ ወዲያ በለው፣ ስስ አድርግ፣ አርባ ሁለት ውሰድ፣ ቁም" ብዬ አፈጥበት ነበር። ለዳኛው ግን ምን አባቱ! ፍርድ አዋቂው እሱ አይደል? አርባ አራቱን አመጣሁ፣ አጠለቅኩለት፣ ክሩን አሰርኩ፣ ዘለበቱን ቆለፍኩ። እግሩ ውስጡ ሲዋኝ በእጄ ይታወቀኛል። እሱ ተቀምጦ እግሮቹን ወዲያና ወዲህ አወዛወዘ።

"እንደ ነጠላ ጫማ እኮ ነው! ተመችቶኛል" አለ።

"እንኳን ተመቸዎት" አልኩት። ያቺ "ይቁሙ" የምትል የዘወትር ቃሌ ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሳ ነበር፤ ዋጥኳት። ዝም አይነቅዝም ይላሉ። እንዲያውም ጣፈጠኝ።

ሳጥኑን ይዤ ስመለስ ዳኛው የራሱን ጫማ አድርጎ ነበር። ድምፁ ዝቅ ብሏል።

"አመሰግንሻለሁ" አለኝ። "ማክሰኞ ሌላ ሱቅ ገብቼ ሻጩ ሰው ሁሉ ፊት 'ይቁሙ' አለኝ። ጉልበቴ ከዳኝ፣ መደርደሪያ ላይ ተንጠለጠልኩ። ሁለት ልጃገረዶች ሲስቁ ሰማሁና ጥዬ ወጣሁ። አንቺ ግን አላዋረድሽኝም።"

ሳጥኑን በገመድ ማሰር ጀመርኩ።

"ልጄ ካናገረችኝ አራት ዓመት ሆናት" አለ። "ባሏን አልወደድኩትምና ሰርጓ ላይ አልተገኘሁም። እሁድ እሁድ አደባባዩ ላይ ለጀማሪ ስኬቲንግ ታስተምራለች። ብጽፍላት 'መኪና ውስጥ ተቀምጠህ እንዳታየኝ፤ ከጎኔ አንድ ዙር ከዞርክ እናወራለን' አለችኝ። ጫማ ላዋስህ ስትለኝም አለኝ ብዬ ዋሸኋት። በሚቀጥለው ሳምንት ከባሏ ጋር ሌላ አገር ሊኖሩ ይሄዳሉ። ያለችኝ ይቺ እሁድ ብቻ ናት።"

"ቆይ፣ ልለውጥልዎት" ማለት ያኔ ነበር። አርባ ሁለቱ ከጀርባዬ ሦስተኛው መደርደሪያ ላይ ነው፤ እጄን ብዘረጋ እደርስበታለሁ። ግን ያ "በአጭሩ" ያለው ድምፅ ጆሮዬ ላይ ነበር። ሳጥኑን አስታቀፍኩትና በሩን ከፈትኩለት።

አርብ ዕለት ደንበኛ ላይ ስጮህ ዋልኩ። ቅዳሜ አንዲት እናት "እትዬ ቁሙ፣ ዛሬስ ምነው፣ ማን አስቀየመሽ?" አለችኝ። ዝም አይነቅዝም ያለው ሰውዬ ውሸታም ነው። ሐሙስ የዋጥኳት ቃል ሆዴ ውስጥ ነቅዛለች።

እሁድ ጠዋት አርባ ሁለቱን፣ ስስ ካልሲና የጉልበት መከላከያ በከረጢት ይዤ ወጣሁ። ለእሱ አዝኜ እንዳይመስላችሁ። ለሥራዬ ስም ነው እያልኩ ራሴን እየሸነገልኩ ነው የሄድኩት።

በጊዜ አልደረስኩም። አደባባዩ ላይ ሰው ከቧል፤ ዳኛው አስፋልቱ ላይ ቁጭ ብሏል። መዳፉ ተልጧል፣ ሱሪው ጉልበቱ ላይ ተቀዷል፣ አንዱ ጫማ ወደ ውጪ ተንጋዷል። አምስት እርምጃ እንኳ አልሄደም አሉ። ልጁ፣ ሠላሳ ዓመት ቢሆናት ነው፣ አጠገቡ ተንበርክካ ዘለበቱን ትፈታለች። አገጯ ቁርጥ የአባቷን ነው።

"አባዬ፣ ማነው ይሄን የሸጠልህ?" ከተረከዙ ኋላ ሁለት ጣቷን ሰደደች፤ ሁለቱም ገቡ። "ይሄ እኮ ያንተ ልክ አይደለም! ሳያስቆም ነው እንዴ የሸጠልህ?"

ዳኛው ቀና ሲል አየኝ። አለቀልኝ አልኩ።

"ሻጯ ነግራኝ ነበር" አላት። "ቁም ብላኝ ነበር። እምቢ ያልኩት እኔ ነኝ።"

እንዲህ ተዋርጄ አላውቅም። ችሎት ፊት እንኳ እንዲህ አልሆንኩም፤ እዚያ ቢያንስ በዳዩ እሱ ነበር።

"ውሸቱን ነው" አልኩ። "አልነገርኩትም። እግሩ አርባ ሁለት መሆኑን ለክቼ እያወቅኩ አርባ አራት አስታቅፌ የሰደድኩት እኔ ነኝ። ቂም ይዤበት ነው።"

"ቂም?" አለ ዳኛው ግራ ገብቶት። "የት ነው የምታውቂኝ?"

"ማዕዘኑ ላይ የነበረው ጫማ ቤት። 'በአጭሩ' ያሉኝ።"

ሊያስታውስ ሞከረ፣ ግንባሩን ቋጠረ። "ይቅርታ፣ አላስታውስም" አለ። አምስት ዓመት የተሸከምኩትን ቂም ሰውዬው አንድ ቀን እንኳ አላሰበውም።

ልጅቷ ከእግር እስከ ራሴ፣ በእጄ የያዝኩትን የጫማ ከረጢት ጭምር፣ አየችኝ። ያቺን አስተያየት አውቃታለሁ፤ የኔው ናት። ለቦርሳዋ ቀለም የምትፈልገዋን፣ ያንን ጎረምሳ፣ ስንቱን እንደዚያ አይቻለሁ። በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም፤ ተሰፈርኩ።

"አባቴን ያኮረፍኩት ሰውን ተቀምጦ ስለሚንቅ ነው" አለች። "አንቺ ደግሞ ተንበርክከሽ ትንቂያለሽ። በይ ምን ይገትርሻል? አድርጊለት እንጂ!"

ተንበረከክኩ። የሱፉን ካልሲ አወለቅኩ፣ ስሱን አጠለቅኩ። አርባ ሁለቱን አስገባሁለትና ተረከዙን መሬት ላይ መታ መታ አድርጌ ወደ ኋላ አስቀመጥኩት። ክሩን ከታች ጀምሬ እያጠበቅኩ ወጣሁ። ዘለበቱን ቆለፍኩ፣ መከላከያውን ጉልበቱ ላይ አሰርኩ።

"ጠበበኝ" አለ ዳኛው።

"ተቀምጠው ስለሆነ ነው" አልኩት። "ይቁሙ።"

ዙሪያውን አየ። ሰው ሁሉ ያየዋል። አንድ እጁን ለልጁ ሰጣት፤ ለሌላው መያዣ ሲያጣ ጭንቅላቴ ላይ አሳረፈው። እየተንቀጠቀጠ ተጫነኝና ተነሳ።

"ጣትዎ ፊቱን ነካ?"

"ነካ።"

"ጉልበትዎን ሰበር ያድርጉ። አሁንስ?"

"ወደ ኋላ ተመለሰ" አለ፣ እንደ ሕፃን ተገርሞ።

እጁን ከጭንቅላቴ ላይ አነሳ። ልጁ ወገቡን ይዛ ቀስ እያለች ወሰደችው፤ አንዳቸውም ዞር ብለው አላዩኝም። እኔ አርባ አራቱን ታቅፌ፣ ዙሩን እስኪጨርሱ ከተንበረከክኩበት አልተነሳሁም።