ከአውቶቡሱ የቀረሁበት በዓል

ባሌ አስጎብኚ ነው። ይህን የሰማ ሁሉ «ታድለሽ! ስንቱን አገር አይተሻል ማለት ነው!» ይለኛል። አዎ፣ አይቻለሁ፤ ልብሱን ሳጥብ። ከፏፏቴ ሲመለስ ሱሪው ጭቃ ነው፣ ከበረሃ ሲመለስ ጫማው አሸዋ ያራግፋል፣ ከበዓል ሲመለስ ደግሞ ኪሱ ውስጥ የደቀቀ አበባ አገኛለሁ። እኔ መጋረጃ ሰፊ ነኝ። የሰው መስኮት ስለካና የሰው መስኮት ሳለብስ፣ በራሴ መስኮት ደግሞ የእሱን አውቶቡስ ስጠብቅ ነው ዕድሜዬ የሄደው።

ቤት መጣ ሲባልም መጣ አይባልም። የመጀመሪያውን ቀን ይተኛል። በማግስቱ መቀመጫው ወንበር አይነካም። ማቀዝቀዣውን ይከፍትና ምንም ሳያወጣ ይዘጋዋል። በረንዳ ይወጣል፣ ይገባል፣ ደግሞ ይወጣል። የስፌት መኪናዬ አጠገብ ይገተርና «ይሄ ምንድነው?» ይለኛል።

«መጋረጃ።»

«አሃ» ይላል፤ ባለፈው ሲመጣም ጠይቆኝ ነበር። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ የጎረቤት መኪና ጎማ በእግሩ እየመታ ሲፈትሽ አገኘዋለሁ። ያኔ ሻንጣው ከቁም ሣጥኑ አናት ሊወርድ መሆኑን አውቃለሁ።

በቅርቡ ታዲያ የሚሠራበት ድርጅት የቢሮ ሥራ ሰጠው። ወንበር ላይ ተቀምጦ ሌሎች አስጎብኚዎችን የሚያሰማራበት ሥራ ነው። እኔ በደስታ የምሆነውን አጣሁ። እሱ ግን ከዚያች ቀን ጀምሮ ምግብ አልወርድለት አለ። ልጃችን ሌላ ከተማ ነው የምትኖረው፤ ደውዬ ስነግራት «እማዬ፣ እንዳትለቂው! አሁን ካልተቀመጠ መቼም አይቀመጥም» አለችኝ። እኔም ነገሩን ያዝኩ። ቁርስ ላይ አነሳዋለሁ፣ እራት ላይ አነሳዋለሁ፤ ለራሴ እስኪሰለቸኝ ድረስ።

አንድ ቀን ማንኪያውን አስቀመጠና «አንድ ነገር ልለምንሽ» አለኝ። «ለሐይቁ በዓል እንግዶች ይዤ ልወጣ ነው። አንድ ጊዜ አብረሽኝ ነይ። ምኑን ተው እንደምትዪኝ እይው። አይተሽ ስታበቂ ‹ተወው› ካልሽኝ እተወዋለሁ፤ ሰኞ ቢሮ እገባለሁ። ‹ቀጥል› ካልሽኝ ደግሞ ዳግመኛ አታንሺብኝ።»

«ሙች በል!»

«ልጃችን ትሙት!»

እንግዲህ ዳኛ ሆኜ ነው አውቶቡሱ ላይ የወጣሁት። እውነቱን ለመናገር ፍርዱን ቤቴ ጨርሼው ነበር የመጣሁት።

ከሾፌሩ ጀርባ ባለችው የእሱ መቀመጫ አጠገብ አስቀመጠኝ። ከኋላችን እንግዶቹ አሉ፦ ባርኔጣውን ሲተኛ እንኳ የማያወልቅ ጡረተኛ አስተማሪ፣ በመስኮት ወንበር የሚጣሉ እህትማማቾች፣ ከሰው ፊት እጅ ለእጅ መያያዝ ገና የሚያሳፍራቸው ሙሽሮች፣ ሌሎችም። ባሌ ማይክራፎኑን ጨበጠ። ቤት ውስጥ «ጨው አቀብዪኝ» ካለ ብዙ እንዳወራ የሚቆጠር ሰው፣ አፉ ተከፈተ። ያ አፍ የማን ነው? ይቀልዳል፣ ያስቃል፣ እህትማማቾቹን አስታረቀ። እኔ ጥርሴን ነክሼ መስኮቱን አያለሁ።

መጀመሪያ የቆምነው ትልቁ ገደል ጋ ነው። ከአፋፉ ራቅ አድርጎ አወረደንና፣ ትንሽ እያነከሰ ከፊታችን ሄዶ፣ ሁላችንም ጀርባችንን ለገደሉ እንድንሰጥ አደረገ። «አሁን ዓይን አይሠራም» አለ። «መጀመሪያ ስሙት።» ዝም አልን። ከጀርባዬ ንፋስ ከታች ወደ ላይ ሲወጣ ሰማሁ፤ ከሥሩ ውኃ፣ ከውኃው ሥር ደግሞ ስሙን የማላውቀው ጥልቅ ዝምታ። «አሁን ዙሩ» አለ።

ዞርኩ። ምድር ከፊቴ ተሰንጥቃ፣ ሰማዩ ውስጧ ገብቶ፣ አሞሮች ከእግሬ በታች ሲበሩ አየሁ። ሙሽሪት ማልቀስ ጀመረች። እኔ ግን ተናደድኩ፣ አፌን ሞልቼ እናገረዋለሁ፣ በጣም ተናደድኩ። እኔ የሰው ጨርቅ ስቀድ ይሄ ሰውዬ ይህን ሲያይ ነው የኖረው? ሌላ ሴት ጋ ያገኘሁት ያህል አንገበገበኝ።

ከየማረፊያው ስንነሳ በሩ ላይ ቆሞ ይቆጥራል። በአውራ ጣቱ የሌሎቹን ጣቶች አንጓ እየነካ፣ ከንፈሩ ያለ ድምፅ እየተንቀሳቀሰ፣ ዓይኑ ከራስ ወደ ራስ ይሄዳል። ቁጥሩ ሲሞላ የአውቶቡሱን ጎን በመዳፉ ይመታል፤ ሾፌሩም ይነዳል። ሾፌሩ በመስታወቱ እያየኝ «እትዬ፣ ስንት ዘመን አብረን ስንሠራ አንድ ሰው ጥለን ሄደን አናውቅም» አለኝ፤ በኩራት ነው ያለው። እኔም ሳላስበው ኩራት ቢጤ ተሰማኝና ፊቴን አዞርኩ።

ሐይቁ ጋ በማግስቱ ደረስን። ከተማዋ ትንሽ ናት፤ በዚያን ቀን ግን መርፌ መጣያ አልነበራትም። በዓሉ የጀልባ በዓል ነው። በሐይቁ ዙሪያ ያለ እያንዳንዱ መንደር አንድ ጀልባ በጨርቅ ያለብሳል፤ ከሰዓት በኋላ ሁሉም ተከታትለው ሐይቁን አቋርጠው ይመለሳሉ። ጀልባዎቹ ሲያቋርጡ ከዳገቱ አናት ስለምናይ፣ ባሌ ወደ አውቶቡሱ የመመለሻውን ሰዓት ለሁሉም ነግሮ ወደ ሕዝቡ ለቀቀን። እሱ ራሱ የእጅ ድምፅ ማጉያ ይዞ፣ ሕፃን በትከሻው ተሸክሞ፣ ከማያውቀው ሰው ጋር ሲጨፍር አየሁት። ላብ አጥምቆታል። የሃያ ዓመት ወጣት ሆኗል። «ይሄን ሰው ወንበር ላይ ላስቀምጥ?» የሚል ሐሳብ መጣብኝና ቶሎ አባረርኩት።

ሌላው ሰው ጭፈራውን ያያል፤ የኔ ዓይን ስፌት ላይ ነው። ቀይ፣ ቢጫ፣ እንደ ጣራ የተዘረጋ፣ እስከ ውኃው የሚወርድ ጨርቅ! እንጀራዬ የሆነውን ጨርቅ በአንድ ቦታ እንዲህ ተሰብስቦ አይቼው አላውቅም። አንዱ ጀልባ ላይ ግን የጣራው ጨርቅ በአንድ ረድፍ ብቻ ተሰፍቶ፣ በንፋሱ መሐሉ ላይ መተርተር ጀምሯል። ባለጀልባዋ፣ ድምፀ ጎርናና ሴት፣ ከታች በእጇ ልትይዘው ትታገላለች።

«በዚያ አትጎትቺው! ይባስ ትቀጂዋለሽ!» አልኩ።

«አንቺ ታውቂያለሽ?»

መርፌና ክር ከአንገትጌዬ ሥር ተለይቶኝ አያውቅም። ጀልባው ላይ ወጣሁና መስፋት ጀመርኩ። እየሰፋሁ ሳለሁ የአውቶቡሱን ጥሩምባ ሰማሁ። «መጣሁ!» አልኩ፣ ማንም ባይሰማኝም። ስፌት በመሐል አይተውም። ደግሞም የአስጎብኚው ሚስት ነኝ፤ እኔን ትቶ የት ይሄዳል?

ክሩን ቋጥሬ፣ በጥርሴ በጥሼ፣ በሰው መሐል እየተጋፋሁ ስደርስ የቆምንበት ቦታ ባዶ ነው። ቀና ስል አውቶቡሳችን ከከተማው በላይ ያለውን ዳገት ሲወጣ ጀርባውን አየሁት። ቀልድ መሰለኝ። አሁን ይቆማል አልኩ። መታጠፊያው ጋ ደርሶ ታጠፈ።

ክው ብዬ ቀረሁ። ከዚያ ደሜ ፈላ። ከዚያ ደግሞ፣ ይቅር ይበለኝና፣ ከንዴቱ ሥር ደስ አለኝ። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ይምጣ? እንግዳ ጥሎ የማያውቅ ሰው ሚስቱን ጣለ። ይሄን ለልጃችን ስነግራት፣ ለጎረቤት ሳወራ፣ ሰኞ ጠዋት ክራባቱን ሳስርለት ታየኝ። ስልኬ አውቶቡሱ ላይ ቻርጅ ተሰክቶ ነው የቀረው። ባለጀልባዋ ጋ ተመልሼ ሄድኩ።

«ጥለውሽ ሄዱ?» አለችና ሳትሳቀቅ ሳቀች። ስልኳን ሰጠችኝ። የባሌን ቁጥር በቃሌ አውቀዋለሁ። ግማሹን ከነካሁ በኋላ ግን ጣቴ እምቢ አለኝ። ስልኩን መለስኩላት።

«ምነው?»

«ራሱ ይድረስበት።»

«እንግዲያው ግቢ!» አለችኝ። «መሐል ሐይቅ ላይ ደግሞ ቢተረተር ማን ይሰፋልኛል?»

ገባሁ። በዕድሜዬ በጀልባ ተጉዤ አላውቅም። ሲነሳ ጠርዙን በሁለት እጄ ጨበጥኩ። ከፊታችንም ከኋላችንም የለበሱ ጀልባዎች ናቸው፤ ከዳር ሰው ይጮኻል፤ ቀዛፊዎቹ እየተቀባበሉ ያዜማሉ። የሰፋሁት ጨርቅ ከራሴ በላይ ንፋስ ሞልቶ ተወጠረ። ያዘ! ጮህኩ መሰለኝ። ከዚያ ጠርዙን ለቀቅሁት። መቀመጥ አቃተኝ፤ ተነሳሁ፤ ባለጀልባዋ ቀሚሴን ይዛ አስቀመጠችኝ፤ ደግሞ ተነሳሁ። ማዶ ያለው ዳርቻ ሲቀርብ እንዳይደርስ ተመኘሁ፤ ከዚያ ወዲያ ምን አለ እያልኩም ጠየቅኋት። የአበባ በዓል ያለበት ከተማ አለ አለችኝ። ከዚያስ ወዲያ? በረሃው። ከዚያስ? «አንቺ ሴትዮ፣ እኔ ባለጀልባ ነኝ እንጂ ካርታ ነኝ?» አለችኝ።

ባሌን ረስቼዋለሁ። ሌላ ምን ልበል፣ ጨርሼ ረስቼዋለሁ።

ስንመለስ መጀመሪያ ያየሁት ባርኔጣውን ነው። ጡረተኛው አስተማሪ ከዳር ሆኖ እያውለበለበ «መጡ! እሳቸው ናቸው! መጡ!» ይላል። እንግዶቹ ሁሉ ወርደዋል። ባሌ ከነጫማው ውኃው ውስጥ እስከ ጉልበቱ ገብቶ ቆሟል። ፊቱ አመድ መስሏል። ድምፁ በጩኸት ስለተዘጋ ማጉያውን ይዞ ቢሆንም አልተናገረበትም።

«የት ነበርሽ?» አለኝ በሹክሹክታ።

«አንተ የት ነበርክ?»

«ቆጠርኩ» አለ። «በእናትሽ፣ ቆጥሬ ነበር። ቁጥሩ ሞልቶ ነበር።»

«እኔ ሳልኖር ሞላ?»

«እንግዶቹን ነው የምቆጥረው። አንቺ እንግዳ ነሽ እንዴ?» ማጉያውን ብብቱ ሥር ወሸቀ። «ራሴን ቆጥሬ አላውቅም። አንቺንም እንደዚያው…»

አንጀቴን በላው። አንጀቴን ስለበላውም ይበልጥ ተናደድኩ፤ እንዲህ ያለ መልስ ይዞ ይመጣል ብዬ አላሰብኩም ነበር።

«መቼ አወቅህ?»

«ዳገቱ አናት ላይ ሐይቁ ከነጀልባዎቹ ቁልጭ ብሎ የሚታይበት ቦታ አለ። ‹ይሄን እዪ› ልልሽ ዞርኩ።» ዓይኑን ጠረገ። «ነጠላሽና ስልክሽ ብቻ ነበሩ። አበቃ። አንቺም መፍረድ አያስፈልግሽም። ሚስቱን ጥሎ የሄደ ሰው ሰው ይዞ አይዞርም። ሰኞ ቢሮ እገባለሁ።»

ይኸው፣ የተመኘሁት ሁሉ በአንድ አፍ መጣልኝ። ሳልከራከር ረታሁ። አውቶቡሱ ተነሳ። ማይክራፎኑ ቦታው ላይ ተሰቅሎ ቀረ። ከእህትማማቾቹ አንዷ የተራራውን ስም ጠየቀችው፤ አልሰማትም። እጆቹን ጭኑ መሐል ከቶ ተቀምጧል። እኔ ደግሞ መቀመጥ አልቻልኩም። መስኮቱን እከፍታለሁ፣ እዘጋለሁ። እግሬ ይበላኛል፤ በየመታጠፊያው አንገቴን አሰግጌ ከወዲያ ያለውን እጠብቃለሁ። የሚያልፈን መንገድ ሁሉ የተነጠቅሁት ይመስለኛል። ቤቴን አሰብኩት፤ መኪናዬን፣ መስኮቴን፣ ያላለቀውን የሰው መጋረጃ። ባሌም በረንዳው ላይ ሲወጣና ሲገባ፣ እኔም ስሰፋ፣ በየቀኑ፣ እስከ ዕለተ ሞታችን። ጨነቀኝ።

«ፍርዴን አልጠየቅኸኝም» አልኩት።

«አውቀዋለሁ።»

«ቢሮ ግባ።»

በእሺታ ራሱን ነቀነቀ።

«ግባ። ጉልበትህም ዳገቱን እምቢ ብሎሃል፤ ትናንት ገደሉ ጋ ስታነክስ አይቻለሁ። ግን የሚቀጥለው ጉዞ ወዴት ነው?»

«ወደ በረሃው። የአሸዋ ተራሮቹ ጋ።»

«ማን ይዞት ይወጣል?»

«አዲሱ አስጎብኚ። ለምን ጠየቅሽ?»

«ቢሮ ስትገባ ንገረው። እኔ ያንተ ሚስት አይደለሁም፤ እንግዳ ነኝ። ይቁጠረኝ።»

ሳቀ። ከዚያ አየኝና እኔ እንዳልሳቅሁ ገባው። ሾፌሩ በመስታወቱ አየን፤ መልሶ ዓይኑን ወደ መንገዱ ወረወረ።

«ብቻሽን?»

«ብቻዬን።»

«ከዚያስ?»

«ከሐይቁ ማዶ የአበባ በዓል አለ አሉኝ። አይተኸዋል?»

«አይቼዋለሁ» አለ። «በጣም ያምራል።» ጀንበሯ ከተራራው ጀርባ ልትገባ ስትል ወደ እኔ ዞረና፣ ከተጋባን ጀምሮ ጠይቆኝ የማያውቀውን ጥያቄ ጠየቀኝ።

«መቼ ትመለሻለሽ?»

ቀኑን ልነግረው አፌን ከፈትኩ። አላውቀውም ነበር።