የማስተዋል የዝግባ ወለል

የማስተዋል እናት ካሳነሽ የሲሚንቶ ብርድ አጥንት ይገባል እያለች እንጅባራ ልጇ ቤት መኖርን እምቢ ካለች ዓመት አለፋት። ማስተዋል እናቷ ጨርሶ ሰበብ እንዳታገኝ ከፈረሰ ቤት የወጣ የዝግባ ሳንቃ ገዝታ የሳሎኑን ወለል አለበሰችው፤ ቫርኒሽም አስቀባችው። እናቷን ከዘንገና አምጥታ ወደ ሥራ ስትሄድ፣ «እማ፣ ውኃ እንዳታስነኪው፤ ሳንቃው ያብጣል» አለቻት።

ማታ ስትመለስ ወለሉ ከዳር እስከ ዳር በእበት ተለቅልቋል።

«ጠብታ ውኃ አላስነካሁትም፤ ትኩስ እበት ነው» አለች ካሳነሽ። «ያ ሰነፍ አናጢሽ የተወውን ስንጥቅ ሁሉ ደፈንኩልሽ።»

«ቫርኒሹስ?»

«እሱማ ያዳልጣል። በአሸዋ ፈግፍጌ አነሳሁት።»

ማስተዋል ልትጮህ አፏን ከፈተች።

«አሁን ቤት ሆነ» አለች እናቷ። «ነገ አልጋዬን አስመጪልኝ።»

ማስተዋል የከፈተችውን አፍ ለሌላ ነገር ተጠቀመችበት።

«በሳምንት ስንት ቀን ነው የሚለቀለቀው?»