አራት መቶ አሥራ ሦስተኛው ካርድ

ልጅቱ የምትለው እንዲህ ነው። ከሦስት ሳምንት በፊት በዋለው ሰኞ፣ ከምሳ በኋላ፣ አባቷ ወፍራም መጽሐፍ ጀርባ ላይ ሙጫ ሲቀባ አጠገቡ ቆማ ነገሩን አንድ በአንድ ነግራዋለች። የካርታ ሥራ ማሠልጠኛው ተቀብሏታል። ትምህርቱ ሁለት ዓመት ይፈጃል፤ ማሠልጠኛው ያለበት ከተማ በአውቶቡስ የአንድ ቀን መንገድ ነው። አሥራ ስምንት ስላልሞላት ፎርሙ ላይ አባቷ መፈረም አለበት። አባቷም ብሩሹን አስቀምጦ፣ እጁን በሽርጡ ጠርጎ፣ «አስብበታለሁ» ብሎ ካርድ ላይ ጽፏል። ሲጽፍ በዓይኗ በብረቱ አይታለች።

አባቷ የሚለው ደግሞ እንዲህ ነው። እንዲህ ያለ ነገር ሰምቶ አያውቅም። ስለ ካርታ የሆነ ወሬ ጆሮው ጥልቅ ብሎ ይሆናል፤ ይቺ ልጅ ነፍስ ካወቀች ጀምሮ ስለ ካርታ ያላወራችበት ቀን የለም። ይህን ነግራው ቢሆን ግን ካርድ ይኖር ነበር። ካርድ የለም። ስለዚህ አልነገረችውም።

ሁለቱም ዋሽተው አያውቁም፤ ችግሩም እሱ ነው። ቀኑ ሐሙስ ነው። ፎርሙ ነገ አርብ እዚሁ ያለው የማሠልጠኛው ቢሮ ሳይዘጋ ካልገባ ቦታዋ ለተጠባባቂ ይሰጣል።

ስለ ካርዶቹ ትንሽ ማወቅ ያስፈልጋል። አባትየው መጽሐፍ ጠራዥ ነው። እስከ አምና ድረስ ሥራውንም ቤቱንም በጭንቅላቱ ይዞ ይዞር ነበር፤ ጭንቅላቱ ደግሞ ወንፊት ነበር። ታላቅ እህቱን ዓይን ሐኪም ጋ ሊያደርሳት ሦስት ጊዜ ቀጥሮ ሦስቱንም ጊዜ ረስቷል። የአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ገልብጦ ጠርዞ አስረክቧል። ከዚያ ማተሚያ ቤት የሚሠራ ጓደኛው አንድ ዘዴ አሳየው፤ ያለብህን ነገር ሁሉ፣ ትንሽ ትልቅ ሳትል፣ እያንዳንዱን በየካርዱ ጻፍ፤ ካርዱን በቦታው አኑር፤ በየቀኑ ጠዋት እይ። ጠራዡ ነገር ከያዘ እስከ ጥግ ነውና በእጁ ባለ አምስት ክፍል ሣጥን ሠራ፤ ዛሬ፣ በዚህ ሳምንት፣ ሰው የምጠብቅበት፣ የማስብበት፣ ያለቀ። ከዚያ ወዲህ ጋዝ ሳያልቅ ይሞላል፣ ጥርሱን ታክሟል፣ እህቱም መነጽር አድርጋለች።

አብራው የምትሠራው፣ የመጽሐፍ ቅጠል የምትሰፋው ይህቺው እህቱ ናት፤ ልጅቱ እናቷን በሕፃንነቷ ካጣች ወዲህ ያሳደጓት ሁለቱ ናቸው። እህትየው ሣጥኑን «አለቃ» ትለዋለች። ጠዋት ስትገባ፣ «አለቃ እንዴት አደሩ? ዛሬስ ምን አዘዙን?» ትላለች ከወገቧ ዝቅ ብላ። ሲስቅ ካላየችው ሥራ አትጀምርም።

ቤቱ ውስጥ አንድ ሕግ ወጥቷል፤ አንዴ ካርድ ላይ የሰፈረ ነገር ደግሞ አይጠየቅም። ካርዱ ራሱ ያስታውሳል። ጭቅጭቅም በዚሁ ጠፍቷል።

«እኮ ሦስት ሳምንት ሙሉ ምነው ዝም አልሽ?» አለች አክስትየው መርፌዋን ጨርቁ ላይ ሰክታ።

«ጽፎታል ብዬ ነዋ» አለች ልጅቱ። «ካርድ ከጻፈ አይረሳም። ደግሜ ብጠይቀው ሕጉን ሊያነብልኝ ነው።»

«ለእኔስ?»

«እሱ ሳይወስን ላንቺ ብነግር፣ አክስትሽን አዘመትሽብኝ ይለኛል።»

«እዘምት ነበር» አለች አክስትየው። «ያውም በነጠላ ጫማ።»

ጠራዡ አልሳቀም። ግን አልተቆጣም። ሣጥኑን ወደ ሰፊው መቁረጫ ጠረጴዛ አመጣና አምስቱንም ክፍል ዘረገፈው።

«ምን ልትሠራ ነው?» አለችው እህቱ።

«ልቆጥር።»

የመጽሐፍ ሰው ስለሆነ ቁጥር የሌለው ወረቀት አይዋጥለትም፤ ካርዶቹንም ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ከታች በቀኝ በኩል ቁጥር ይሰጣቸዋል። ሦስቱም እየተቀባበሉ ደረደሯቸው። አክስትየው አንዱን አንስታ፣ «‹እትዬ ስትቀልድ ስቅ› ይላል ይሄ» አለች።

«አይልም።»

«አይልም፤ ግን ቢልም አልገረምም።»

አራት መቶ አሥራ አንድ፣ እትዬን ዓይን ሐኪም ማድረስ፣ ሰኞ። አራት መቶ አሥራ ሁለት፣ የመምህሩ መጽሐፍ፣ ልባስ ማዘጋጀት። ቀጥሎ ያለው አራት መቶ አሥራ አራት ነው፤ ቢላ ማሳል። ጠራዡ ጣቱን በሁለቱ መካከል አሳረፈ። በስንት መቶ ካርድ መሃል የጎደለው አንድ ቁጥር ብቻ ነው፤ የጎደለውም በዚያው ሰኞ ነው።

«ዘልዬ ይሆናላ» አለ ቀስ ብሎ።

«አንተ?» አለች እህቱ። «ገጽ ቆጥረህ የምትተኛው ሰውዬ?»

ልጅቱን ቀና ብሎ አያት። «ነግረሽኛል» አለ። «ይቅርታ ልጄ፤ ነግረሽኛል።»

ልጅቱ ድል አድርጋለች፣ ግን ደስ አላላትም። ፎርሙን ጭኗ ላይ አድርጋ ጠርዙን ታጥፋለች፣ ትዘረጋለች።

አሁን ጠራዡን የያዘው ሌላ ነገር ነው። አንድ ካርድ የት ይሄዳል? ከዚህ ክፍል ምንም አይወጣም፤ ቁርጥራጩ እንኳ ተጠርጎ በጆንያ ይቀመጣል። ኪሱን ዳበሰ፣ ከመጽሐፍ መጭመቂያው ሥር በባትሪ አየ፣ የሽርጡን ስፌት ሳይቀር ገለበጠ። ከዚያ አንድ ሐሳብ መጣለት።

«ነይ፣ ያን ቀን የቆምሽበት ቁሚ» አለ።

ልጅቱ መስኮቱ አጠገብ ሄዳ ቆመች። እሱ ብሩሹን አንሥቶ መጭመቂያው ፊት ቆመ።

«በይ ንገሪኝ።»

«አባዬ፣ ማሠልጠኛው ተቀብሎኛል።»

ብሩሹን አስቀመጠ። እጁን ጠረገ። በአየር ላይ የሆነ ነገር ጻፈ። ጽፎ ሲያበቃ እጁ፣ ማንም ሳያዘው፣ ወደ ግራ ሄዶ ጠረጴዛው ጥግ ላይ አረፈ።

ሦስቱም ወደዚያ ጥግ አዩ። ጥጉ ላይ ስስ ግራጫ ካርቶን በቁመት ተቆርጦ ተደርድሯል። የመጽሐፍ ልባስ ጀርባው እንዳይልፈሰፈስ ከጨርቁ በስተውስጥ እንዲህ ያለ ካርቶን ይለጠፋል። ጠራዡ ምንም መጣል ስለማይወድ፣ የሣጥኑን ካርዶችም የሚቆርጠው ከዚሁ ካርቶን ነው፤ ረዘም፣ ጠበብ አድርጎ።

«እንዳትለኝ» አለች እህቱ።

በዚያ ሰኞ ልባስ የተሠራለት የመምህሩ መጽሐፍ መደርደሪያው ላይ ነበር፤ አልቆ፣ ተወልውሎ፣ ጥቁር ልባስ ለብሶ። ጡረታ የወጣ የሒሳብ መምህር ዕድሜ ልኩን በእጁ የሰበሰባቸው ከባድ ከባድ ጥያቄዎች ናቸው። ቁመቱ አጭር፣ ውፍረቱ አራት ጣት። ባለቤቱ በአሥር ሰዓት ሊወስደው ይመጣል፤ አሁን ለአሥር ሩብ ጉዳይ ነው።

ጠራዡ መጽሐፉን አቁሞ መሃሉን ከፈተው። እንዲህ ሲከፈት የልባሱ ጀርባ ከቅጠሎቹ ተላቆ እንደ ቧንቧ ክፍተት ይፈጥራል። ልጅቱ የስልኳን መብራት ከላይ ወደ ክፍተቱ አበራች፤ እሱ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ወደ ውስጥ አየ። የራሱን የእጅ ጽሑፍ አየ።

«‹የልጄ ፎርም። የመጨረሻው ቀን አርብ›» ብሎ አነበበ። መጽሐፉን ትንሽ አዘንብሎ ቀጠለ። «‹ለምን ትሂድ፤ ትችላለች። ትወደዋለች።›»

«ይሄን ከፊቴ አልጻፍከውም» አለች ልጅቱ። «ከፊቴ የጻፍከው አንድ መስመር ነው።»

«ከወጣሽ በኋላ መሆን አለበት።» ዓይኑን ቀየረ። «‹ለምን አትሂድ፤ እኔ›»

«እኔ ምን?»

«ከዚያ በታች ሙጫ ሸፍኖታል።»

ተቀመጠ። ያስገረመው ሙጫው አልነበረም። ጽፎ፣ አስቦ፣ እዚህ ድረስ ደርሶ እንዴት እንዲህ ጥርግ ብሎ ይጠፋል? ከዚያ ገባው። ካርድ ላይ ያሰፈረውን ነገር ጭንቅላቱ ይለቀዋል፤ ዘዴው የተሠራውም ለዚህ ነው። ጋዙንም ለቆታል፣ ቢላውንም፣ ልጁንም። እጁ ደግሞ ካርዱን አንሥቶ የማይታይበት ቦታ ለጠፈው። እጁ ሳያውቅ ነው ወይስ አውቆ? ይህንን በየትኛው ክፍል እንደሚያኖረው አላወቀም።

በሩ ተንኳኳና መምህሩ ባርኔጣቸውን እያወለቁ ገቡ።

«ደረሰልኝ?»

ጠራዡ የሆነውን ሁሉ ሳይደብቅ ነገራቸው። መምህሩ መጽሐፉን ተቀብለው በክፍተቱ ወደ ውስጥ አዩ፤ ሳቅ ቢጤ አፈናቸው።

«የእኔ ጥያቄዎች መልስ አላቸው፤ ከኋላ ተጽፏል» አሉ። «የእርስዎ ግን የተቋረጠ ነው። ለማንበብ መፍረስ ካለበት ያፍርሱት፤ እኔ ሌላ ሳምንት እመጣለሁ። እኔም ብሆን ሳላየው አላድርም።»

ጠራዡ ቀጭኗን ቢላ አነሣ። ሙጫውን ለመፋቅ ጨርቁን በማጠፊያው በኩል ሁለት ጣት ቢከፍት ይበቃዋል። እህቱ መነጽሯን አስተካክላ ቀረበች፤ ልጅቱ መብራቱን ያዘች። ስለቱን አስጠግቶ ቆመ። እኔ ምን ብዬ ይሆን? እኔ እናፍቃታለሁ። እኔ ይሄን ሙያ ለማን ላወርስ ነው። እኔ ከእትዬ ጋር ብቻዬን ራት ልበላ ነው። አንዱን አንሥቶ ሌላውን ሲያስቀምጥ፣ ሁሉም ‹እኔ› ከምትለዋ ቃል በኋላ ልክክ ብለው ገቡ። በመጀመሪያው በኩል፣ ‹ትችላለች› ከሚለው ጎን፣ የገባ ግን አንድም የለም፤ ሁሉም የራሱ ሰበብ እንጂ የእሷ አልነበረም።

ቢላውን አስቀመጠ። መጽሐፉን ዘግቶ በእጅጌው ወለወለና ለመምህሩ ሰጣቸው።

«ይውሰዱት መምህር። ጀርባው ጠንካራ ነው።»

«ሳታነበው?» አለች እህቱ፤ ቅር እንዳላት ያስታውቃል። «እኔ ዛሬ እንቅልፍ የለኝም እኮ።»

«አንቺ ደግሞ ካርድ ጻፊለት።»

ልጅቱ ምን እንደሆነ ስላልገባት አንዴ አባቷን አንዴ አክስቷን ታያለች። ከዚያ እንደ ልማዷ እጇን ዘርግታ ከጥጉ ባዶ ካርድ ሳበች፤ እስክሪብቶም ያዘች።

«‹ፎርም፣ ነገ ጠዋት› ብዬ ልጻፍልህ?» አለች። «ዛሬ የሚለው ውስጥ ላድርገው?»

«አትጻፊው» አለ፤ እጁን ለፎርሙ ዘርግቶ። «እስክሪብቶውን ስጪኝ። አሁኑኑ፣ እዚሁ እፈርማለሁ፤ ነገ ሱቁን ዘግቼ አብረን እናስገባለን። ትሄጃለሽ።»