እትዬ አይነኬና የሳሎኑ ክምር

እትዬ አይነኬን በዚህ ስም የጠራት ሰፈሩ ነው። ቤቷ የገባ ሰው እጁን ወደ አንዲት ባዶ ብልቃጥ ከሰደደ «አይነካም!» የሚለው ጩኸት ጎረቤት ድረስ ይሰማል። ብልቃጡ፣ ሠላሳ አራቱ የተሰበሩ ጃንጥላዎች፣ ጎማ የሌለው ጋሪ፣ ከየት እንደመጣ የማይታወቀው የጥርስ ሐኪም ወንበር፣ አንዱም አይነካም። ሰው ይስቃል። ቢስቅስ? ምን ሲደረግ!

የማዘጋጃ ቤቱ ተቆጣጣሪ ግን አልሳቀም። ቤቱ በሦስት ቀን ውስጥ ካልጸዳ ይታሸጋል የሚል ወረቀት በሯ ላይ ለጠፈ። ከታሸገ ማረፊያዋ የልጇ ቤት ነው። ምራቷ ከወዲሁ አንዲት ጠባብ ክፍል ቀለም አስቀብታ፣ አንድ ሻንጣ ብቻ ይዛ እንድትመጣ ልካባታለች። አንድ ሻንጣ! እትዬ አይነኬ ይህን ስታስብ ደሟ ይፈላል።

ልጇ አራት የጽዳት ሠራተኞችን ከነአለቃቸው ይዞ መጣ። አለቃዋ ወፍራም ጓንት ያጠለቀች፣ አፍና አፍንጫዋን የሸፈነች፣ ቁጥብ ሴት ናት። መጀመሪያ ከበሩ እስከ ጓሮ ሰው የሚያሳልፍ መንገድ አስከፈተች። ቀጥሎ ክምሩን ሁሉ ውሃ አስረጨች፤ አይጥ የዋለበት አቧራ ከተነሳ ሳንባ ይጎዳል።

«ከላይ ወደ ታች ነው የምናነሳው» አለቻቸው። «ከሥር የሚመዝ ሰው ወደ ቤቱ ይሄዳል።»

እትዬ አይነኬ በልቧ ወደደቻት፤ ፊት ግን አልሰጠቻትም። ለእያንዳንዱ ዕቃ ክርክር ነበራት። ጃንጥላዎቹ ከወጡ ዝናብ ይገባል አለች። ብልቃጦቹ ከተነሱ ግድግዳው ይናዳል አለች። እስከ ቀትር ከቤቱ የወጣው አንድ ከረጢት ብቻ ነበር።

«በቃ!» አለ ልጇ፣ ወደ ሳሎኑ መሀል እየሄደ። እዚያ በገመድ የታሰረ የጋዜጣ ክምር ከወለል እስከ ኮርኒስ ቆሟል፤ አናቱ ላይ ሳንቃ ተጋድሟል። «ከዚህ እንጀምራለን።»

«አይነካም! ጣሪያውን የያዘው እሱ ነው!»

«ጠዋት ግድግዳውን የያዘው ብልቃጥ ነበር፣ እማዬ።»

ሠራተኞቹ ሳቁ። እሷ ግን በዚህኛው አልዋሸችም። ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት ከኮርኒሱ በላይ ያለው አግዳሚ ሲሰነጠቅ፣ ባሏ «አናጢ እስኪመጣ ለአንድ ሳምንት» ብሎ ክምሩን ደገፈበት። ሳምንቱ ሳይሞላ እሱ ሞተ፤ አናጢውም ቀረ። ያን ጊዜ ለልጇ ነግራው ነበር፤ ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። አሁን ሁለት ሠራተኞች መሰላል እያቆሙ ነው። ጣሪያው በላያቸው ሊወርድ ነው። ብትጮህም አያምኗትም፤ ለባዶ ብልቃጥ ስትጮህ ኖራለችና። በራሷ ተናደደች።

ሄዳ ክምሩ ፊት ተገተረች።

«ሞቼ ነው ቆሜ! ስሚኝ፣ አንቺ አለቃ። ጃንጥላዎቹን ውሰጂ።»

ጣቷን ወደ ጃንጥላዎቹ ቀሰረች።

«ሠላሳ አራቱንም። ብልቃጦቹን፣ ጋሪውን፣ ወንበሩን ውሰጂ። ከፈለግሽ አልጋዬንም ጨምሪ፤ መሬት ላይ እተኛለሁ። ይህን ግን አትነኪም።»

«እማዬ፣ ምን ሆነሻል?» አለ ልጇ።

አለቃዋ ዓይኗን ከእትዬ አይነኬ ላይ አላነሳችም። ስንት ቤት ያጸዳች ሴት ናት፤ ዕቃ የሚያጠራቅም ሰው ሁሉን ሰጥቶ አንድ ሲያስቀር አይታ አታውቅም። ሠራተኞቹን ከመሰላሉ አራቀች። ራሷ ቀስ ብላ ወጥታ ኮርኒሱን በቢላ ቀደደችና ባትሪ አበራች። ቶሎ ወረደች።

«ሁላችሁም ውጡ። አግዳሚው ለሁለት ሊከፈል ነው። እማማ፣ ይህን ያውቁ ነበር?»

«ለቀባሪ አረዱት!» አለች እትዬ አይነኬ።

አናጢው በአሥራ አንድ ዓመቱ ከተፍ አለ። ሁለት የብረት ምሰሶ ካቆመ በኋላ ጋዜጣው እስር በእስር ወረደ። እትዬ አይነኬ ቃሏን አላጠፈችም። ጃንጥላዎቹ በፊቷ ሲያልፉ ወደ ግድግዳው ዞራ አለቀሰች እንጂ አንዱንም መልሱልኝ አላለችም። በሦስተኛው ቀን ተቆጣጣሪው መጣ፤ ክፍሎቹን ዞሮ አይቶ ወረቀቱን ከበሩ ላይ ላጠው።

ልጇ ባዶው ሳሎን መሀል ቆሟል። «ለምን አልነገርሽኝም?» ሊል አፉን ከፈተና ነግራው እንደነበር ትዝ ሲለው መልሶ ዘጋው። የሚገባበት ጠፋው። ብረቱን ነቅነቅ አድርጎ ጥንካሬውን ሊያይ እጁን ሰደደ።

«አይነካም!»

ልጇ እጁን ሰበሰበ። ሠራተኞቹ መጥረጊያቸውን እንደያዙ ቀሩ፤ ግድግዳ ተደግፎ የነበረው ተቆጣጣሪም ቀጥ ብሎ ቆመ። ማንም አልሳቀም።