ከገበታ የማትነሣ እጅ

አቶ ደምለው በደብረ ማርቆስ ከተማ ሠላሳ ዓመት በፍርድ ቤት ጸሐፊነት ሠርተው ጡረታ የወጡ፣ ልጅ ያልወለዱ፣ ሚስታቸው ወይዘሮ ወለተ ሚካኤልም ካረፉ ስድስት ዓመት ያለፋቸው ሰው ነበሩ። በዓለም የቀራቸው ዘመድ በየወሩ በዐሥራ ሁለት ቀን የሚሰበሰበው የሚካኤል ማኅበር ነበር ቢባል ብዙ ስሕተት አይሆንም። ዐሥራ ሁለቱ ማኅበርተኞች በየተራ በየቤታቸው ይደግሳሉ። በዕድሜ የሚበልጡት እርሳቸው ስለ ነበሩ የላይኛው መቀመጫ የእርሳቸው ነበር። በቀሩት ሃያ ዘጠኝ ቀናት ከማን ጋር እንደሚበሉ ማንም ጠይቋቸው አያውቅም።

ሥጋቸው ግን ከዓመት ዓመት ይጨምር ነበር። ብቻውን የሚበላ ሰው መጥገቡን የሚነግረው የለውም። ከገበታ ከተነሡ በኋላ የሚጠብቃቸው ነገር ስላልነበረ አቶ ደምለው ገበታው ላይ ይቆዩ ነበር፤ እጅም ገበታ ላይ ከቆየች ሥራ አትፈታም።

በሺህ ዘጠኝ መቶ ስልሳ አራት ዓመተ ምሕረት መስከረም ዐሥራ ሁለት ቀን፣ ድግሱ ወዳለበት ቤት ዳገቱን ሲወጡ ከመንገድ እኩሌታ ላይ ትንፋሽ አጠራቸው። አንድ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ጥቂት ከቆዩ በኋላ ወደ ቤታቸው ተመለሱ። ነሐሴንም በጭቃው ምክንያት ቀርተው ነበር። በማኅበሩ ደንብ ሦስት ወር በተከታታይ የቀረ ሰው ስሙ ይሰረዛል፤ ቦታውም ለሌላ ይሰጣል። የሚመጡት የሦስት ወር ተረኞች ቤቶች ሁሉ ደግሞ ከዳገቱ በላይ ነበሩ። በበቅሎ ይሂዱ ያላቸው ነበር። ነገር ግን እርሳቸውን ኮርቻ ላይ ለማውጣት ሦስት ወንድ ያስፈልግ ነበር፤ የበቅሎዪቱንም ፈቃድ የጠየቀ አልነበረም።

ስለዚህ ወደ ሐኪም ቤት ሄዱ። የውጭ አገር ሰው የሆነው ሐኪም ልባቸውን አዳመጠ፣ ጉልበታቸውን ዳሰሰ፣ መድኃኒትም አዘዘ። ነገሩን ያስረዳቸው የቁይ ከተማ ተወላጅ የሆነው የሐኪሙ ረዳት፣ ድሬሰር እንዳላማው ነበር።

«ይህ ክኒን ረኃብን ያስረሳል» አላቸው። «ጠዋት ቁርስ ከበሉ በኋላ አንድ። ረቡዕና ዓርብ እስከ ስድስት ሰዓት የሚጾሙ ከሆነ ምሳ እንደ በሉ ይዋጡት፤ ከዚያ ካዘገዩት እንቅልፍ ይነሣዎታል። ከሦስት ወር አያልፍም። ልብዎ አለቅጥ ከመታ ሳይውሉ ሳያድሩ ይምጡ።»

«ረኃብን ካስረሳ ደግሞ ምን ቁርስ አለ?»

«ሰው ሁሉ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፣ ጌታዬ። ረኃቡ ይጠፋል እንጂ ሰውነትዎ ምግብ መፈለጉን አልተወም። ካልበሉ ስቡ ብቻ አይደለም የሚሄደው፤ ጡንቻዎም አብሮ ይሄዳል። ጉልበትዎን የሚሸከመው እርሱ ነው። ስለዚህ ጥቂት፣ ግን ደኅና ነገር፣ በሰዓቱ ይብሉ። እንቁላል፣ እርጎ፣ ስብ የሌለው ሥጋ፣ ጎመን። በጾም ምስርና ሽምብራ። እንጀራው ግማሽ፣ ቅቤው በጣት ጫፍ፣ ውኃ በብዛት።»

«ጠላስ?»

«ጠላውን ለወጣቶቹ ይተዉላቸው።»

«ጠላ የሌለበት ማኅበር ውኃ የሌለበት ጥምቀት ነው።»

«እንግዲያው አንድ ዋንጫ። እርሷንም ይዘው ይዋሉ።»

አቶ ደምለው ክኒኑን መዋጣቸውን ለማንም አልተናገሩም። አገሬው ለመጥገብ በሚጸልይበት ቦታ ላለመብላት መድኃኒት መዋጥ በእንጀራ ላይ መቀለድ መስሎ ታያቸው። ምግብ የምትሠራላቸው ጤናዬ እንኳ የምታውቀው ሁለት የተቀቀለ እንቁላልና ግማሽ እንጀራ መታዘዟን ብቻ ነበር።

«በሁለት እንቁላል ሰው ይውላል?» አለች። «ያዘኑት ለእኔ ነው ወይስ ለሽሮው?»

«አንቺ ቀቅይ።»

«እቀቅላለሁ። ቀብር ላይ ስጠየቅ ግን እርሳቸው ናቸው ያሉኝ እላለሁ።»

በሁለተኛው ሳምንት ረኃብ ጠፋ። በዚያ ቤት በቀን ሦስት ጊዜ የሚጠራቸው ረኃብ ብቻ እንደ ነበረ አቶ ደምለው ያወቁት ከሄደ በኋላ ነው። ጠዋት ይመጣል፣ ቀትር ላይ ይመጣል፣ ማታ ይመጣል፤ ቢያስቸግርም ይመጣል። አሁን ቀኑ ያለ በር እንደ ተሠራ ቤት ሆነባቸው። እንቁላሉ ቀርቦ ይቀዘቅዛል፤ ጤናዬ አጉረምርማ ታነሣዋለች። አፋቸው ይደርቃል፣ ልባቸው ትንሽ ይፈጥናል፤ ጉልበታቸው ግን ቀለለ።

ጥቅምት ዐሥራ ሁለት ቀን ዳገቱን ሁለት ጊዜ ብቻ አርፈው ወጡ። ተረኛው ያለው የሚባል የቆዳ ነጋዴ ነበር። ሲገቡ ሰው ሁሉ ከመቀመጫው ተነሣ፤ ስማቸው ከመሰረዝ ዳነ። ቄሱ ዳቦውን ባርከው ወደሚቀጥለው ቤት ሲሄዱ ገበታ ቀረበ። ከአቶ ደምለው ጋር የተቀመጡት አናጢው ታረቀኝና ልብስ ሰፊው ድረስ ነበሩ። ታረቀኝ ከንጋት ጀምሮ እንጨት ሲሰነጥቅ የዋለ ሰው ስለ ሆነ እጅጌውን እስከ ክርኑ ሰብስቦ ነበር።

አቶ ደምለው አራት ጊዜ ጎረሱ። አምስተኛው በደረቀው አፋቸው ውስጥ ወዲያና ወዲህ እያለ አልወርድ አላቸው። እጃቸውን ከገበታው አነሡ።

የታረቀኝ እጅ ወጥ ላይ ነበረች። ቆመች፤ ከዚያም ባዶዋን ተመለሰች። ድረስም የጎረሰውን ዋጥ አድርጎ እጁን ሰበሰበ። ታላቅ እጁን ካነሣ በኋላ ታናሽ መብላቱ ነውር ነበር።

የያለው ሚስት የብርጓል ከጓዳ ወጣች። «ምን አጎደልሁ፣ ጋሼ? ጨው በዛ?»

«ምንም አላጎደልሽ፤ ጠግቤ ነው።»

«በዚህ? በዚህስ ድመትም አትጠግብ። በሞቴ አንዲት ጉርሻ።» ጠቅልላ ወደ አፋቸው አቀረበች።

አቶ ደምለው ራሳቸውን ወደ ኋላ አደረጉ። የማይወርደውን ጎርሰው በሰው ፊት መትፋትን ፈርተው ነው። የብርጓል ግን ይህን ከወዴት ታውቃለች? ጉርሻው በእጇ ላይ ቀረ። ገበታው እንደ ቀረበ ተነሣ።

ሲመለሱ ታረቀኝና ድረስ ከፊት ከፊት ይሄዱ ነበር።

«ቤቴ ሄጄ ልብላ» አለ ታረቀኝ። «ከድግስ ተርቤ ስመለስ የመጀመሪያዬ ነው።»

«ወጡ ውስጥ መርዝ ነገር የጨመሩባቸው መስሏቸው ይሆን እንዴ?» አለ ድረስ።

«ዝም በል፣ ይሰማሉ።»

ሰምተዋል።

በኅዳር ሚካኤል ድግሱ በድረስ ቤት ነበር። አቶ ደምለው ሲደርሱ በግድግዳው ጥግ ነጭ ጨርቅ የለበሰች ትንሽ ገበታ ለብቻዋ ተዘጋጅታ አገኙ። ድረስ እጅ ነሥቶ «ማንም እንዳያስቸግርዎ ብለን ነው፣ ጋሼ» አለ። ነገሩ ክብር ይመስል ነበር። አቶ ደምለው ግን በሠላሳ ዓመት ሥራቸው በክብር ቃል የተጻፈ ብዙ ፍርድ በጽሑፍ ገልብጠው ያውቃሉ። ተቀመጡ። ከወዲያ በኩል ሰዎች ተሻምተው ይበላሉ፣ ይሳሳቃሉ፤ የማንም እጅ አልቆመችም። እርሳቸው ከፊታቸው ያለውን ሳይነኩ ጨርቁን ሸፈኑበት። ስማቸው ከማኅበሩ አልተሰረዘም፤ ቢሆንም እንጀራ የሚበሉት እንደ ቤታቸው ብቻቸውን ነበር።

በማግስቱ ሐኪም ቤት ሲመዘኑ ዐሥራ አንድ ኪሎ ቀንሰው ተገኙ። እንዳላማው ግን አልተደሰተም። ክንዳቸውን ጨበጥ አድርጎ «እጅዎን ሳይደገፉ ከወንበሩ ይነሡ እስኪ» አላቸው። ሁለት ጊዜ ሞክረው አልቻሉም።

«ምን ሲበሉ ከረሙ?»

«ሲርበኝ እበላለሁ ብዬ ነበር፤ አልራበኝም።»

«አይርብዎትም ብዬዎት ነበር እኮ። ክኒኑ ረኃብዎን ወሰደ እንጂ ሰዓትዎን አልወሰደም። ደወል ሲደወል ቤተ ክርስቲያን የሚሄድ ሰው ርቦት ነው? ጊዜው ነው ብሎ ይሄዳል። እርስዎም ጊዜው ነው ብለው ይብሉ። በትንሽ በትንሹ ይቁረሱ፣ ቀስ ብለው ያኝኩ። ሌላው አንድ እንጀራ እስኪጨርስ እርስዎ ግማሿን ይዘው ይቆዩ።»

«ሌላው ማን?»

«አብሮዎት የሚበላው ነዋ» አለ እንዳላማው፣ ካርዱ ላይ እየጻፈ።

አቶ ደምለው ከዚያ ቀን ጀምሮ በሰዓት መብላት ያዙ። በሁለተኛው ቀን የነቢያት ጾም ስለ ገባ ጤናዬ ምስርና ጎመን ታቀርባለች። እርሳቸው ከግማሽ እንጀራ ላይ የጣት ጥፍር የምታህል ይቆርሳሉ፣ ያጠቅሳሉ፣ ያኝካሉ፤ የግድግዳውን ሰዓት ያያሉ። መጀመሪያ ሩብ ሰዓት ቆዩ፤ በኋላ ግማሽ ሰዓት። በሦስተኛው ሳምንት ግማሽ እንጀራዋን ሦስት ጎልማሶች እስኪጠግቡ በሚፈጀው ጊዜ ልክ መብላት ቻሉ። ጎልማሶቹ ግን በቤቱ አልነበሩም።

«እንጀራ ይበላሉ ወይስ ይቆጥራሉ?» አለች ጤናዬ።

«እየተማርሁ ነው።»

«በዚህ ዕድሜዎ?»

የጥፍር ያህል ደግሞ ቆረሱ።

ታኅሣሥ ዐሥራ ሁለት ቀን ረቡዕ ዋለ። ተረኛው ባለሱቁ ደርቤ ነበር። ትንሿ ገበታ በጥግ ተዘጋጅታ ቆየቻቸው። አቶ ደምለው አልተቀመጡም።

«ከታረቀኝ ጎን አስቀምጡኝ» አሉ።

ደርቤ ተጨነቀ። «ለክብርዎ ብለን ነው፣ ጋሼ።»

«አውቄያለሁ። ክብሩ ይቅርብኝ።»

ታረቀኝ ድረስን አየው፤ ከዚያም ከምሳው ጋር እንደሚሰናበት ሰው ሆኖ ተጠጋላቸው። «ሚስትህ ምጣዱን አላወረደች እንደ ሆነ ላክባት» ሲል ለድረስ ሹክ አለው። አቶ ደምለው እንዳልሰሙ ሆኑ።

ሽሮው፣ ምስሩና ጎመኑ ቀረበ። አቶ ደምለው ቆረሱ፣ አጠቀሱ፣ አኘኩ። ድሬሰሩ የነገራቸውን ያህል ምስር በሉ፤ ጎመንም ጨመሩ። ከዚያ በኋላ ምግቡ አልወርድ አላቸው። እጃቸውን ግን አላነሡም። እንጀራ መፈርፈር ነውር መሆኑን እያወቁ የቀረቻቸውን ቁራሽ ቆረሱ፣ የቆረሱትን ደግሞ ቆረሱ፤ በወጡ ዳር ያንከባልሏታል፣ አንዳንዴ አንዲት ፍርፋሪ ወደ አፋቸው ይወስዳሉ። ታረቀኝ በመጀመሪያው እንጀራ ላይ እጃቸውን አሥር ጊዜ አየ። በሁለተኛው ሁለት ጊዜ አየ። በሦስተኛው ረሳቸው።

ጨዋታው በሮብ ገበያ ስለ ተሠራ የቤት ጣሪያ ነበር። ታረቀኝ ወጋግራው ጠማማ ነው ይላል፤ ድረስ አንተ ስላልሠራኸው ነው ይለዋል። ነገሩ በአቶ ደምለው ራስ ላይ ወዲያና ወዲህ ያልፍ ነበር። እርሳቸውን የጠየቀ የለም፤ ቢጠይቋቸውም የሚያኝኩትን ይቆጥሩ ስለ ነበር አይመልሱም። ጣቶቻቸው ዛሉ፤ አውራ ጣታቸው ተኮማተረ። ከሁለቱ ሰዎች ትከሻ ጋር ትከሻቸው ገጥሟል፤ ያሉት ግን ሌላ ቦታ ነበር።

ድረስ ቀድሞ ጠገበ። ታረቀኝ የገበታውን ዳር ጠርጎ «ተመስገን፤ በቃኝ» አለ። ያን ጊዜ አቶ ደምለው እጃቸውን አነሡ።

ገበታውን ልታነሣ የመጣችው፣ ለእርዳታ የተጠራችው የብርጓል ነበረች። ከጥቅምት ወዲህ ከደኅና ዋሉ በቀር አናግራቸው አታውቅም። ጎንበስ ስትል በአቶ ደምለው በኩል ለጫጩት የተቆረሰ የሚመስል የፍርፋሪ ክምር አየች። ጣቶቻቸውን አየች፣ ከዚያም የሰለለውን ክንዳቸውን። ባሏ ያለው ከወዲያ «ምን ቀረ?» ሲላት የእንጀራውን ጫፍ በፍርፋሪው ላይ አጥፋ «ምን ይቀራል» አለችና ገበታውን ይዛ ወደ ጓዳ ገባች።

ታረቀኝ እጁን እየታጠበ «ዛሬ ጋሼ በሉልን፤ እኛም በላን» አለ።

«እግዚአብሔር ይስጥልን» አሉ አቶ ደምለው። ውኃው ሲፈስላቸው ጣቶቻቸው ገና አልተፍታቱም ነበር።