ሦስት ሳምንት ጠፍቶ የመጣ

«ሦስት ሳምንት ጠፍተህ ጭራሽ እየሳቅክ ትገባለህ?»

«ታዲያ እያለቀስኩ ልግባ፣ ኮች?»

«ስምህን ሰርዤዋለሁ። ነገ እሁድ ሱሉልታ የምትሄደው ጣቢታ ናት።»

«ጣቢታ? ኮች፣ እኔኮ ታምሜ ነው!»

«ስልክ የለህም? አይደወልም?»

«ስልኬማ ደህና ነው። የታመመው ጎድኔ ነው።»

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ኮች ወንዲ ራሱ ሳቁ ሊያመልጠው ሲል ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ዕዝራ ግን የምሩን ነበር። ዓለም ገና ብሎኬት የሚያመርት ልጅ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ሲሚንቶ ሲያቦካ ይውልና ሰበታ ይመጣል፣ ድሮ የመኖ መጋዘን በነበረው አዳራሽ ውስጥ ጂዩ ጂትሱ ይማራል። ቡጢ የለው፣ እርግጫ የለው፣ ስፖንጅ ላይ በተነጠፈ ሸራ ተያይዞ መንከባለል ነው። ያነቀህን ሰው በእጅህ መታ መታ ካደረግከው «በቃኝ» ማለት ነው፣ ይለቅሃል። ዕዝራ በአራት ወር ውስጥ ከሁሉም በላይ የተካነው ይቺን መታ መታ ነበር።

ቢሆንም ነገ ከሱሉልታ ጀማሪዎች ጋር ግጥሚያ አለ። ሰበታ የሚልከው አንድ ሰው ነው፣ ያ ሰው ደግሞ እሱ ነበር። ለብሎኬት ቤቱ ሰው ሁሉ አውርቷል። ቦዲቲ ላለችው እናቱ እንኳን ደውሎ «እማ፣ ለውድድር ልወጣ ነው» ብሏታል። እሷም ጎረቤት ሰብስባ ጸልያለታለች። አሁን በምን አፉ ቀረሁ ይበላት?

«እሺ ፈትነኝ!» አለ። «ደንቡ እንደሱ አይደል? ጠፍቶ የመጣ ይፈተናል።»

ደንቡስ እንደሱ ነው። ጠፍቶ የመጣ ሰው ከሁለት ሰው ጋር ሦስት ሦስት ደቂቃ ይታገላል። «በቃኝ» ካላለ ቦታው ይመለስለታል። ካለ ግን አንድ ወር ሙሉ ሸራውን ያጥባል።

«ጋሪዳ፣ እሺ» አለ ኮች ወንዲ፣ በኦሮምኛም በአማርኛም እኩል የሚቆጣ ሰው ነው። «ልብስህን ቀይር። ኮቱ፣ ና!»

የጎድኑ ነገር እንዲህ ነው። ከሦስት ሳምንት በፊት ሲሚንቶ ሲሸከም ጎኑ ቀጭ አለ። አለቃው ሐኪም ቤት ሂድ አለው፣ ጓደኞቹ ግን ቡራዩ እማማ መብሩካ የሚባሉ ወጌሻ አሉ አሉት። ሄደ። እማማ መብሩካ ጎኑን በቅቤ አሹት፤ ከዚያ ጀርባውን፣ ከዚያ አንገቱን፣ ከዚያ ክንዱን እስከ ጣቱ።

«እማማ፣ እኔን ያመመኝኮ ጎኔን ነው» ቢላቸው፣

«ዝም በል። ጅማት ሁሉ ዘመድ ነው፣ አንዱን ጠርተህ ሌላውን ብትተው ያኮርፋል» አሉት።

የዛሬዋ የመጨረሻዋ እሽት ነበረች። «እስከ ነገ ውሃ እንዳይነካህ!» ብለው ሸኙት። እሱም ከነቅቤው ከቡራዩ ሰበታ በታክሲ መጣ። ታክሲ ውስጥ አጠገቡ የተቀመጡት ሰዎች አንድ በአንድ ወደ ኋላ ወንበር ሲሸሹ፣ ስፖርተኛ መሆኔን አውቀው ቦታ ለቀቁልኝ ብሎ ኮርቷል።

አንደኛው ፈታኝ አዶናይ ነው፣ የታክሲ ረዳት። በሚበር ሚኒባስ በር ላይ በሁለት ጣት ተንጠልጥሎ መልስ የሚቆጥር ልጅ ነው፤ የያዘውን አይለቅም። ኮች ስልኩ ላይ ሦስት ደቂቃ ሞላና «ጀምሩ!» አለ።

አዶናይ ክንዱን ያዘ፣ ክንዱ ሙልጭ። አንገቱን አቀፈ፣ አንገቱ እንደ አምባዛ ሾልኮ በብብቱ ወጣ። ላዩ ላይ ተኛበት፣ ዕዝራ ወገቡን እምር ሲያደርገው አዶናይ በዚያኛው ጎን ብቻውን ሸራ አቅፎ ተገኘ።

«ምን ሆነህ ነው አንተ ልጅ?» አለ አዶናይ እያለከለከ። «ደሞ ማነው ምሳ ይዞ የመጣው?»

ስልኩ ጮኸ። ዕዝራ ዘሎ ተነሳ፣ ጣሪያ ሊነካ ምንም አልቀረውም።

«ዕረፍት ነው ፍሬንድ! ሰው አያውቅም እንጂ ጂዩ ጂትሱ እርሾ ነው። ትተኸው ስትሄድ ነው የሚፈላው!»

«ጣቢታ፣ ግቢ» አለ ኮች።

ጣቢታ ልብስ ፋብሪካ ትሰፋለች። ቁመቷ የዕዝራ ደረት ጋ ነው፣ ጣቷ ግን ፒንሳ ነው። ሌላ ጊዜ ስሟ ሲጠራ ዕዝራን ሽንቱ ይወጥረዋል። ዛሬ ግን እየዘፈነ ተጠጋት። አነቀችው፣ ወጣ። እግሩን ቆለፈችው፣ ወጣ። እጁን ጠመዘዘችው፣ እጁ እየሳቀ ወጣ። ልክ አንድ ደቂቃ ሲሆን ጣቢታ ቆመች። መዳፏን አየች። አሸተተች።

«ኮች፣ ይሄ ልጅ ተቁላልቷል።»

ኮች ወንዲ መጥቶ የዕዝራን ትከሻ በአንድ ጣት ዳሰሰና ጣቱን ወደ አፍንጫው አስጠጋ።

«ኮረሪማም አለው።»

«መድኃኒት ነው!» አለ ዕዝራ። «በእናቴ፣ ወጌሻ ናቸው የቀቡኝ!»

«ታዲያ እኔ ሃያ ዓመት በከንቱ ነው የተንከባለልኩት? ቅቤ ገዝቼ አልገላገልም ነበር?» አለ ኮች። «ወይ ታጥበህ ከጣቢታ ጋር ትጀምራለህ፣ ወይ መጥረጊያው እዚያ ጋ ነው።»

ዕዝራ ጨነቀው። ከታጠበ እማማ መብሩካ ይሰሙና ጅማቱ ሁሉ ያኮርፋል። ካልታጠበ ሱሉልታ ቀረ፣ እናቱም ለጎረቤት የምትለው ታጣለች። ቲሸርቱን አወለቀና ወደ ቧንቧው ሮጠ። አዶናይ በጄሪካን እየቀዳ ያንን የሰበታ ቀዝቃዛ ውሃ አናቱ ላይ ለቀቀበት፣ ሌሎቹ በላርጎ ፈተጉት። ሦስቴ ታጠበ። እንደ ታጠበ ድስት ሲነካ ሲጥ ሲጥ የሚል ሆኖ፣ ጥርሱ እየተንቀጫቀጨ ተመለሰ።

«ጀምሩ!»

ወዲያው አነቀችው። ዕዝራ ጮኸ። እግሩን ቆለፈችው፣ ይባስ ጮኸ። «ኧረ በጌታ! ኧረ ጎኔን! ኧረ ኮች፣ ሌላ ሰው የለም ወይ!» ደጅ የቆመ ባጃጅ ሹፌር ሰው የሞተ መስሎት አንገቱን በበሩ አስገባ። ዕዝራ እጁን አነሳ፣ መታ ሊያደርጋት። አላደረገም። ወገቡ ብቻውን እምር አለ፣ ቅድም በቅቤ ጊዜ እንዳደረገው። ለካ ሰውነቱ መውጫዋን ይዟታል! ግማሹ ወጣ። መልሳ ያዘችው፣ መልሶ ግማሽ ወጣ፣ እየጮኸ። አንገቱ ቀላ፣ ዓይኑ ፈጠጠ፣ ሸራውን ነከሰ። እጁ ግን አልመታም።

ስልኩ ጮኸ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ማን ይናገራል! ዕዝራ ባዶ እግሩን አዳራሹን ሁለቴ ዞረ፣ አዶናይን ሳመ፣ ባጃጅ ሹፌሩን ሳመ፣ ኮች ወንዲን ሊስም ሲል ኮች በደብተር ተከላከለ።

«በቃ፣ በቃ! ስምህን መልሼዋለሁ። ጠዋት አንድ ሰዓት እዚህ። ከቀረህ በሕይወትህ አትምጣ።»

ዕዝራ ደስታው ሞልቶ ሲፈስ ጣቢታ ትዝ አለችው። ጥግ ላይ ቁጭ ብላ ጫማዋን ታስራለች። አሳዘነችው። እንደ ትልቅ ሰው ጉሮሮውን ጠራርጎ ሄዶ አጠገቧ ቁጢጥ አለ።

«ጣቢቲ፣ አይክፋሽ እሺ? ቦታሽን ስለወሰድኩ ነው የምልሽ። እንዴት አድርገሽ እንደታገልሽ አይቻለሁ፤ መሄዱን በጣም ፈልገሽው ነበር።»

ጣቢታ ቀና ብላ እንኳን አላየችውም።

«ማነው የፈለገው? እኔ እሁድ ቸርች ነኝ። የታገልኩህ ስትጮህ ደስ ስለሚለኝ ነው።»