ሰባት ቅርንጫፍ

አዳኙ ስማቸው ምንይችልን አደን ሲያስተምረው ከማነጣጠር አስቀድሞ የነገረው አንድ ነገር ነበር። «ያቆሰልኸውን አውሬ ሳታገኝ ቤትህ አትግባ። ካጣኸው ደግሞ ለሰፈሩ ተናገር።» ይህን ካለው አሥራ ስምንት ዓመት አልፏል። በአዘና ዙሪያ ከርከሮ ድንች ሲገለብጥ ሰው የሚጠራው እነዚህን ሁለቱን ነው። የከርከሮ ሥጋ አይበላም፤ ቢሆንም ስማቸው አንዴ ለአንዲት የቆሰለች ከርከሮ ብሎ ሁለት ቀን ጥሻ ለጥሻ ተንከራቷል።

በመስከረም መጨረሻ ስማቸው ጉልበቱን አሞት ቤት ዋለ። ምንይችል ብቻውን ወጣ። ከሰዓት በኋላ ከወንዙ ማዶ አንድ ጥይት ተሰማ፤ ቆይቶም ምንይችል ጠመንጃውን አንግቶ በደጃፉ አለፈ።

«እህሳ?» አለው ስማቸው።

«ሳትሁት ጋሼ። ድንጋይ ነው የመታሁት። ደንግጦ ሽቅብ ነጎደ።»

«ደም አየህ?»

«ጠብታም የለ።»

ስማቸው አልተጠራጠረም። ምንይችል አበልጁ ነው፤ የመጨረሻ ልጁን ክርስትና ያነሣለት እሱ ነው።

በሦስተኛው ቀን የስማቸው ሚስት የምሥራች እንጨት ልትለቅም ወንዙን ተሻገረች። ጩኸቷን የሰሙት ድንች የሚቆፍሩ ጎረቤቶች ናቸው። ከርከሮው ከጥሻ ወጥቶ ጭኗን በክራንቻው ተርትሮት ነበር። ቁስሏን በነጠላ አስረው፣ እስከ አስፋልቱ በባጃጅ፣ ከዚያ በሚኒባስ ቆሰበር ለሕክምና አደረሷት።

ስማቸው ነፍሷ መትረፉን ካረጋገጠ በኋላ በማግስቱ ጦሩን ይዞ እያነከሰ ወደ ጥሻው ገባ። ብዙም አልፈለገ፤ ሽታው መራው። ከርከሮው ቁጥቋጦ ሥር ወድቆ ያቃስታል። ሆዱ ላይ የጥይት ቀዳዳ አለ፤ ዙሪያውን ትል ወርሶታል። ሊነሣ ሞከረ፤ አቃተው። ስማቸው በጦሩ ገላገለው። ከዚያም አጠገቡ ቁጭ አለ። አራት ቀን ሙሉ እንዲህ ሆኖ ከርሟል፣ አለ በሆዱ።

ሲመለስ የተቀጠፈ ቅርንጫፍ አየ። አዳኝ ደም ሲከተል ዱካው እንዳይጠፋበት እየቀጠፈ ይሄዳል፤ ይህንንም ለምንይችል ያስተማረው እሱ ነው። እየተከተለ ቆጠረ፤ ሰባት ሆነ። ከሰባተኛው በኋላ ምንም የለም።

ቆሰበር ሄዶ ለየምሥራች ነገራት።

«ከርከሮው የወጋኝ ቀን ምንይችልን ድልድዩ ላይ አግኝቼው ነበር» አለች። «ወዴት ነው አለኝ፤ ለእንጨት አልሁት። አንድ ነገር ሊለኝ ከጅሎ፣ በይ ቶሎ ተመለሺ ብሎኝ አለፈ።»

ስማቸው አዘና እንደ ደረሰ ቤቱ አልገባም። ምንይችልን ግቢው ውስጥ እንጨት ሲፈልጥ አገኘው።

«ሰባት ቅርንጫፍ ቀጥፈሃል» አለው፤ ሰላምታም አላስቀደመ።

ምንይችል ሊክድ አፉን ከፈተና ተወው። «ዝናብ መጣ ጋሼ። ደግሞም ከርከሮ ነው፤ ይሞታል ብዬ…»

«መተውህስ ይሁን። ለምን ዋሸኸኝ?»

«እርስዎን አፍሬ ነው። ዱካ ጥሎ ገባ እንዳይሉኝ።»

«ድልድዩ ላይስ?»

ምንይችል መጥረቢያውን መሬት ላይ አስቀመጠ። «ብነግራት ውሸቴ ሊወጣ ነው። አንደበቴ ተያዘ።»

የስማቸው እጅ ተነሥቶ ነበር፤ መልሶ አወረደው። ቢመታው ይቀለው ነበር።

የምሥራች ከሕክምና ስትመለስ ሽማግሌዎች መሃል ገቡ። ምንይችል ድንጋይ ተሸክሞ እግሯ ላይ ወደቀ። «እግዜር ይፍታህ» አለችው፤ ከልቧ ነበር። ስማቸውም ጉንጩን ሳመው። ሽማግሌ አይገፋም።

በኅዳር አንድ ማለዳ ምንይችል ጠመንጃውን ይዞ መጣ። «የጎረቤታችንን የይኸነውን ማሳ ከርከሮ ገልብጦታል። እንውጣ ጋሼ?»

«ብቻዬን እወጣለሁ።»

«ታርቀን የለም እንዴ?»

«ታርቀናል። ድግስህን እበላለሁ፤ ለቅሶህን እደርሳለሁ። ጥሻ ውስጥ ሳትሁ ስትለኝ ግን አላምንህም።»

ምንይችል አቀርቅሮ ሄደ። ስማቸው በዓይኑ ሸኘው። ሊጠራው ፈልጎ ስሙ አፉ ላይ ደርሶ ቀረ። ጦሩን አንሥቶ ወደ ይኸነው ማሳ ወረደ።